ተራራውን ያጨናነቀው መንገዱ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በታዋቂ ተራሮች አናት ላይ ሰው ተሰልፎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ፍርድ ይከተለዋል፤ «ሰው ሁሉ ለፎቶ ነው የሚወጣው» ይባላል። ይህ ፍርድ ተጓዡን ያሳንሳል። ከዚያ የሚብሰው ግን ምንም አለማስረዳቱ ነው። ፎቶ በየትኛውም ተራራ ላይ መነሳት ይቻላል። ታዲያ ሕዝቡ ኪሊማንጃሮን፣ የጃፓኑን ፉጂን፣ የስኮትላንዱን ቤን ኔቪስን መርጦ በአቅራቢያቸው ያሉትን ከፍታዎች ጭር አድርጎ የሚተዋቸው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በተራራው ቅርጽና በመንገዱ ታሪክ ውስጥ ነው። ይህን ማወቅ ለሚሄደው ሰው ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ተራውን ሰው እስከ አናት የሚያደርሰው ምቾት ራሱ አደጋውን ይሸፍንበታል።

ሁለት ጎረቤታሞችን እናወዳድር። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ የሚበልጠው የለም። ሁለተኛው የኬንያ ተራራ ሲሆን 5,199 ሜትር ነው። ወደ 700 ሜትር የሚያንሰው ይቀላል ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። ሁለቱም እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ የኬንያው ግን ያረጀ ነው። በረዶ ለረጅም ዘመን ሲፍቀው ኖሮ ዛሬ አናቱ ላይ የቀረው በእሳተ ገሞራው ጉሮሮ ውስጥ የጠነከረው አለት ነው። ባቲያን የተባለው ከፍተኛ ጫፉ ላይ ለመድረስ ገመድ፣ የራስ ቁርና አለት የመውጣት ሥልጠና ግድ ይላል። ኪቦ የተባለው የኪሊማንጃሮ ከፍተኛ ጉልላት ግን በዕድሜ ወጣት ስለሆነ ትከሻው ገና አልተሸረሸረም። ዳገቱ አድካሚ ቢሆንም ሰው እጁን ሳይጠቀም እስከ ጫፉ ይራመዳል። የኪሊማንጃሮ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረገጠው እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሆን ባቲያን ግን ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ እስከ 1899 ጠብቋል። ዛሬም በኬንያ ተራራ የሚሄደው ተራ ተጓዥ የሚያቆመው 4,985 ሜትር ላይ ባለው ሌናና ጫፍ ነው። ባቲያንን ከፊቱ ቆሞ እያየው ይመለሳል። «አናቱን ረግጫለሁ» ማለት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እግረኛው ወደ ደቡብ ወርዶ ኪሊማንጃሮን ቢመርጥ አያስደንቅም።

ወጣት እሳተ ገሞራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ብቻውን ይቆማል። በሰንሰለት ውስጥ ያለ ተራራ በጎረቤቶቹ ስለሚከለል ብዙ ጊዜ ስሙን የሚያውቁት በሥሩ የሚኖሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ፉጂ ግን ሰማዩ ሲጠራ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ቶኪዮ ይታያል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረውን ነገር አንድ ቀን ልውጣው ማለት ለሰው ተፈጥሯዊ ነው።

ቅርጽ ብቻውን ግን ሕዝብ አያመጣም። መንገድ ያስፈልጋል፤ በታዋቂ ተራሮች ላይ ያሉት መንገዶች አብዛኞቹ ደግሞ ለመዝናኛ የተሠሩ አይደሉም። ስኮትላንድ ውስጥ ባለው ቤን ኔቪስ ላይ ዛሬ ሰው የሚተምበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1883 የተጠረገው ጫፉ ላይ ለተሠራው የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ ነው። ዕቃ የጫኑ ፈረሶች እንዲወጡበት ስለታሰበ እየተጠማዘዘ በልኩ ይወጣል። ጣቢያው በ1904 ተዘጋ፤ መንገዱ ቀረ። በስሪ ላንካ የአዳም ጫፍ (2,243 ሜትር) በሺዎች የሚቆጠሩት ደረጃዎች ለተሳላሚዎች የተሠሩ ናቸው። በአሜሪካ ሃፍ ዶም የተባለው ተራራ በመጨረሻዋ 120 ሜትር ገደማ ልሙጥ አለት ላይ እ.ኤ.አ. በ1919 የብረት ገመድ ባይዘረጋበት ኖሮ እስከ ዛሬ አለት መውጣት የሠለጠኑ ሰዎች ብቻ የሚደርሱበት ይሆን ነበር። ፉጂ 3,776 ሜትር ነው ሲባል ያስፈራል፤ ነገር ግን የመኪና መንገዱ 2,300 ሜትር ድረስ ስለሚወስድ ለእግር የሚቀረው 1,470 ሜትር ገደማ ነው። ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ብቻ ሲሆን የሚጀመረው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል ቦታ ነው። ስለዚህ በእግር በሚወጣው ልክ ከሄድን ሁለቱ ተራሮች ያን ያህል አይበላለጡም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው አንዱን ያጋንናል፣ ሌላውን ይንቃል።

የመንገድን ኃይል በግልጽ የሚያሳየው የኤቨረስት መነሻ ሰፈር ነው። ወደዚያ የሚሄዱት እጅግ ብዙዎቹ ተራራውን አይወጡም፤ 5,364 ሜትር ላይ ደርሰው ይመለሳሉ። ከዚያ ቦታ የኤቨረስት ጫፍ እንኳ አይታይም፤ ለማየት ካላ ፓታር የተባለውን ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። ቢሆንም ስሙ ይጠራል፤ መንገዱም ያስኬዳል። 2,860 ሜትር ላይ ካለችው ሉክላ ጀምሮ በየመንደሩ አልጋና ትኩስ ምግብ አለ። በዓለም ሁለተኛው ኬ 2፣ 8,611 ሜትር፣ በመልኩ የሚያስንቀው ተራራ የለም። ወደ ሥሩ የሚወስደው ግን በባልቶሮ የበረዶ ግግር ላይ ለቀናት በድንኳን እያደሩ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው አልጋው ነው።

በመጨረሻም የስም ዝርዝር አለ። አሜሪካዊው ዲክ ባስ እ.ኤ.አ. በ1985 የየአህጉሩን ከፍተኛ ጫፍ ሁሉ ወጥቶ ከጨረሰ ወዲህ ኪሊማንጃሮ «ከሰባቱ አንዱ» ሆነ፤ ከሰባቱ መካከልም ሥልጠና የሌለው ሰው ሊደፍራቸው ከሚችላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። በስኮትላንድ ሂዩ መንሮ እ.ኤ.አ. በ1891 ከ3,000 ጫማ (914.4 ሜትር) የሚበልጡትን ተራሮች ዘርዝሮ አሳተመ። ዛሬ 282 ተራሮች ያሉበትን ይህን ዝርዝር ለመጨረስ ዕድሜያቸውን የሚሰጡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ተራራ እንደገና ተለክቶ ከግማሽ ሜትር ባነሰ ልዩነት ከመስፈርቱ በታች ሆኖ ስለተገኘ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ተራራው ያው ነው። ሰዎች በቁጥር መመራታቸውን ማጣጣል ይቻላል፤ ነገር ግን የሚጨበጥ ግብ ለሥራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው መጀመሪያውና መጨረሻው የሚታወቅ፣ ጫፉ አንድ የሆነ፣ ሲመለስ ለማንም ማስረዳት የማያስፈልገው ጉዞ ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት ንቀት አይገባውም።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያጻፈኝም ይኸው ነው።

የኪሊማንጃሮ ማራንጉ መንገድ ቀላሉ ይባላል። ድንኳን የለም፤ ማደሪያው የእንጨት ቤት ነው፤ ዳገቱም ዝግ ያለ ነው። በአምስት ቀን ዕቅድ የመጀመሪያው ማደሪያ ማንዳራ 2,720 ሜትር ላይ ነው፤ ሁለተኛው ሆሮምቦ 3,720፤ ሦስተኛው፣ በጉልላቱ ስም ኪቦ የሚባለው፣ 4,700 ገደማ። በየሌሊቱ 1,000 ሜትር መጨመር ማለት ነው። በተራራ ሕክምና የሚመከረው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳያሳድጉ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲጨምሩ ነው። በዚህ ሒሳብ ከ3,000 እስከ 4,700 ለመድረስ ቢያንስ ሦስት አራት ሌሊት ሊወስድ ይገባል። እግርን የማያደክመው መንገድ ሳንባንና አንጎልን ቀድሞ ይጎዳል። ብዙ ሰው ከኪቦ በላይ የሚወድቀው ጉልበት አንሶት አይደለም፤ ሰውነቱ ከከፍታው ጋር የሚላመድበት ጊዜ ስላልተሰጠው ነው።

መድኃኒቱ ቀን መጨመር ነው። በማራንጉ የሚሄድ ሰው ሆሮምቦ ላይ ሁለተኛ ሌሊት ይደር፤ ቀን ቀን 4,000 ሜትር አካባቢ እስካሉት ባለመስመር አለቶች ወጥቶ ይመለስ። ማቻሜ በተባለው ሌላ መንገድ የሚሄድ ደግሞ ሰባት ቀን ይያዝ። የማቻሜ ብልጫ ሺራ ከተባለው ማደሪያ ተነስቶ 4,600 ሜትር አካባቢ ያለውን ላቫ ታወር የተባለ አለት ከነካ በኋላ ከ4,000 ሜትር በታች ወርዶ ባራንኮ በተባለው ማደሪያ ማሳደሩ ነው። ሰውነት ቀን ላይ የከፍታውን ትምህርት ያገኛል፣ ሌሊት ደግሞ በተሻለ አየር ያርፋል። ሰባተኛው ቀን ካራንጋ በተባለው ማደሪያ አንድ ሌሊት ስለሚጨምር ከጫፉ በፊት ያለው ቀን አጭር ይሆናል።

ከፍታ ላይ የአየሩ ይዘት አይለወጥም፤ ኦክስጅን ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። 5,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም ግማሽ ነው። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ስፖርተኛ መሆን አይከላከለውም። እንዲያውም ወጣትና ጠንካራ የሆኑት ፈጥነው ስለሚወጡ ይበልጥ ሊጠቁ ይችላሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ምልክት ያለበት ሰው ምልክቱ ሳይለቀው ወደ ላይ አይወጣም። ቢባባስበት ይወርዳል።

ለሕይወት የሚያሰጉት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የአንጎል እብጠት ነው። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይቀላቀላል። መሬት ላይ ሦስት ሜትር ያህል መስመር አስምሮ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ እንዲራመድ ማድረግ ነው፤ ካቃተው «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሁለተኛው በሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መከማቸት ነው፤ አርፎ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ አንዳንዴም ሮዝ ቀለም ያለው አረፋ ያወጣል። ሁለቱም እስኪነጋ አይጠብቁም፤ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር በዚያው ሌሊት መውረድ ያስፈልጋል። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ለመከላከያ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ ይወሰዳል። ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ሐኪም ሳያዘው አይወሰድም። ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል። ቀስ ብሎ መውጣትን ግን አይተካም።

ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ለምንድን ነው? ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ፈቃዱ አልቋል፣ ጓደኞቹ እየወጡ ነው፣ ያ ታዋቂ ስም ከፊቱ ቆሟል። ማንም በማያውቀው ተራራ ላይ በቀላሉ ይመለስ የነበረው ሰው እዚህ አይመለስም። የታዋቂነት ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል።

የመጨረሻዋን ሌሊት ያለ ማጋነን ልግለጻት። ከኪቦ የሚነሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ልቅ ጠጠሩ በሌሊት ስለሚጠነክር እግር አያንሸራትትም፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፤ ከቀትር በኋላ ደመና ይመጣል። 1,200 ሜትር ዳገት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። 5,685 ሜትር ላይ ያለው ጊልማን የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ነው። ብዙ ሰው የጨረሰ መስሎት እዚያ ጉልበቱን ያራግፋል፤ ጫፉ ግን ገና ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይርቃል። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከፓርኩ መግቢያ በር እስከ ጫፉ ባለው 4,000 ሜትር ልዩነት 26 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ውሃ በላስቲክ ቱቦ የሚጠጣ ሰው ከጠጣ በኋላ ወደ ቱቦው ተንፍሶ ውሃውን ካልመለሰ ቱቦው በረዶ ይሆንበታል። በጠርሙስ የያዘ ደግሞ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ይያዝ፤ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ አይዘጋም። የግንባር ባትሪ መለዋወጫና ስልክ ከሰውነት አጠገብ በውስጥ ልብስ ኪስ ይቀመጡ፤ ቅዝቃዜ ባትሪን ይገድላል።

ከዚያ ቁልቁለቱ። በማቻሜ የወጣ ሰው ከ5,895 ሜትር ተነስቶ በዚያው ቀን 3,100 አካባቢ ወዳለው የምዌካ ማደሪያ ይወርዳል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ 2,800 ሜትር ቁልቁለት። ጉልበት የሚጎዳው፣ የእግር ጥፍር የሚጠቁረው እዚህ ነው። ጥፍርን ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት መቁረጥ፣ ከመውረድ በፊት ጫማን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቆ ማሰር፣ ምርኩዝን ማስረዘም ያስፈልጋል። ሥልጠናም ከዚሁ ይጀምር። ዳገት ብቻ የሚለማመድ ሰው ግማሹን ነው የተዘጋጀው።

ዝቅተኛ ተራሮች የከፍታ ሕመም አያመጡም፤ አደጋቸው መንገድ ማሳታቸው ነው። ቤን ኔቪስ ላይ ከሸለቆው 15 ዲግሪ ቢነሱ ጫፉ ላይ 6 ገደማ ይጠብቃል፤ ዝናብና ነፋስ ሲጨመር በቀጭን ልብስ የወጣ ሰው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጫፉ ሰፊ ሜዳ ሲሆን በጭጋግ ጊዜ የገደሉ ጠርዝ አይታይም። ለመመለስ ከጫፉ ተነስቶ በኮምፓስ፣ በካርታው ሰሜን ተለክቶ፣ 231 ዲግሪ ላይ 150 ሜትር፣ ከዚያ ዞሮ 282 ዲግሪ ላይ መሄድ ነው። የመጀመሪያው ልክ ጋርዲሉ ከተባለው ገደል፣ ሁለተኛው ደግሞ በሌላው ወገን ካለው ፋይቭ ፊንገር ያድናል። 150 ሜትርን የአንድ እግርን ርምጃ ብቻ እየቆጠሩ ወደ 100 ሲደርስ መገመት ይቻላል፤ በረዶ ላይ ርምጃ ስለሚያጥር ቁጥሩ ይጨምራል። ከኋላ ብዙ ሰው ስላለ ብቻ የቀደመውን መከተል አያዋጣም፤ የቀደመውም ላያውቀው ይችላል።

ጊዜን ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣው የኔይስሚዝ ስሌት ዛሬም ያገለግላል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ቤን ኔቪስ አንድ ወገኑ 8.5 ኪሎ ሜትር ገደማና 1,340 ሜትር ዳገት ስለሆነ መውጫው ብቻ አራት ሰዓት ነው፤ ዕረፍትና መውረጃ ሲጨመር ቀኑ ያልቃል። ስሌቱ የተሠራው ግን ለጠንካራ ተጓዥና ነፃ ለሆነ መንገድ ነው። በተጨናነቀ መንገድ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው ዝግተኛ ሰው ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅም ላቡ ይቀዘቅዝበታል። ስለዚህ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የመመለሻ ሰዓት ይቆረጥ። ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ 200 ሜትር ቢቀረውም ይመለሱ። በኬብል መኪና እወርዳለሁ ብሎ የሚወጣም ሁለት ጊዜ ያስብ። በደቡብ አፍሪካ ቴብል ማውንቴን በተባለው ተራራ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ኬብል አለ፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ያለው አማራጭ እግር ነው።

አስተዳደሮቹ ለመጨናነቁ የሰጡት መልስ ብዙ ይነቀፋል፤ እኔ ትክክል ናቸው እላለሁ። ሃፍ ዶም ላይ በቀን ቢበዛ ለ300 ሰው ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። ምክንያቱ የገመዱን ቦታ ላየው ሰው ይገባዋል፤ ወጪና ወራጅ በአንድ ጠባብ መስመር ይተላለፋሉ፤ አለቱ በእግር ብዛት ስለተወለወለ ዝናብ ሲነካው እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ መብረቅ ሲመጣ ደግሞ ከብረቱ ቶሎ መራቅ የሚቻለው ሰልፍ ከሌለ ነው። ፉጂ ላይ በዮሺዳ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በር ተተከለ፤ በቀን ከ4,000 ሰው በላይ እንዳያልፍ ተወሰነ፤ በዚያ ዓመት ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ማደሪያ ካልያዘ ሰው በቀር ዝግ ነበር። ዓላማው ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ማታ ተነስተው ሳያድሩ በአንድ ትንፋሽ የሚወጡትን ማስቆም ነው። እነዚህ ሰዎች ከእንቅልፍ እጦት፣ ከቅዝቃዜና ከከፍታ ጋር በአንድ ሌሊት ይጋፈጣሉ። በሩ የማንንም ነፃነት አልነጠቀም፤ አልጋ የያዘ ሰው በፈለገው ሰዓት ማለፍ ይችል ነበር።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ተራራ ጉዞ ስታትሙ የጫፉን ከፍታ ብቻ አትጻፉ፤ ከፍታ ብቻውን ዝናን ይነግራል እንጂ ለመንገደኛ አይጠቅምም። በአጠገቡ አምስት ነገሮች ይጨመሩ፤ በእግር የሚጀመረው ከስንት ሜትር እንደሆነ፣ በየሌሊቱ የሚታደርበት ከፍታ፣ የመጨረሻው ቀን በሰዓት ስንት እንደሚወስድ፣ በአንድ ቀን የሚወረደው ትልቁ ቁልቁለት፣ ፈቃድ ወይም ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ማስፈለጉ። ለአንባቢ ሁለት መስመር ቦታ ነው የሚወስደው። የአምስት ቀንና የሰባት ቀን ጉዞ ማስታወቂያ ጎን ለጎን የሚያይ ሰውም በዋጋ ብቻ ከመምረጥ ይልቅ የማደሪያዎቹን ከፍታ ቀናንሶ የትኛው እንደሚያደርሰው ራሱ ያሰላዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ